የትእዛዝ መስመር ቃላት በአማርኛ፤ «ቁልፉን ይጫኑ» ሲባል ምን ማለት ነው?

መግቢያ

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የሥልጠና ተቋም ለሠልጣኞቹ ያዘጋጀውን የአማርኛ መመሪያ ረቂቅ ቋንቋውን እንድንመረምርለት አቅርቦልን ነበር። መመሪያው ብዙ ሰርቨሮችን ከአንድ ቦታ ለማስተዳደር የሚያገለግል የትእዛዝ መስመር መሣሪያ እንዴት እንደሚተከል፣ እንዴት እንደሚሠራበትና ለአዲስ ተግባር እንዴት እንደሚበለጽግ የሚያስረዳ ነው። በረቂቁ ሁለተኛ ገጽ ላይ «በመጀመሪያ ቁልፉን በሰርቨሩ ላይ ይጫኑ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይገኛል። ተርጓሚው ሊል የፈለገው፣ ለምስጢራዊ ግንኙነት የሚያገለግለው የቁልፍ ፋይል በሰርቨሩ ላይ ይቀመጥ ነው። ከሠልጣኞቹ አንዱ ግን ዓረፍተ ነገሩን አንብቦ ተነሣ፤ ወደ ሰርቨሩም ሄዶ የኃይል ማብሪያና ማጥፊያውን ቁልፍ ተጫነ። ሰርቨሩም ጠፋ። ደግነቱ የልምምድ ሰርቨር ነበር።

በዚህ ጉዳይ ሠልጣኙን መውቀስ አይቻልም። ያነበበውን አማርኛ በትክክል ተረድቶ በትክክል ፈጽሞታል። ተርጓሚውም ቢሆን «ቁልፍ» እና «መጫን» የተባሉትን ቃላት ከመንገድ አላነሣቸውም፤ ሁለቱም በየዕለቱ የምንሰማቸው፣ በየመዝገበ ቃላቱም የሚገኙ ናቸው። እንግዲህ ስሕተቱ የት ላይ ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ መመለስ ነው። መልሳችንን አስቀድመን በአጭሩ ብንገልጽ፣ የትእዛዝ መስመር ስያሜ የሚፈተነው ለብቻው በዝርዝር ውስጥ ተቀምጦ ሳይሆን በትእዛዝ ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ ከዚያው ከአንዱ ተሳቢ ጋር ተጣምሮ መሆን አለበት እንላለን። ምክንያቱን ከዚህ በታች በምሳሌ እናስረዳለን።

1. መሣሪያው ምን ይሠራል?

ስለ ስያሜ ከመነጋገራችን በፊት የሚሰየመውን ነገር ማወቅ ይገባል። ሰርቨር የምንለው ለሌሎች ኮምፒውተሮች አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒውተር ነው፤ ድረ ገጽ ያቀርባል፣ ደብዳቤ ያደርሳል፣ መረጃ ያከማቻል። ብዙውን ጊዜ የራሱ መመልከቻና የቁልፍ ሰሌዳ የለውም። አስተዳዳሪው ከሌላ ቦታ ሆኖ በጽሑፍ ትእዛዝ ይሰጠዋል፤ እርሱም በጽሑፍ ይመልሳል። ይህ የጽሑፍ ምልልስ የሚካሄድበት ሥርዓት የትእዛዝ መስመር ይባላል።

ከርቀት የሚላከው ትእዛዝ በመንገድ ላይ በሌላ ሰው እንዳይነበብ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ ኤስኤስኤች የተባለው ነው። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1995 የፈጠረው በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ታቱ ዩሎነን ሲሆን፣ ምክንያቱም በዩኒቨርሲቲው መረብ ላይ የይለፍ ቃላት ተጠልፈው መወሰዳቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ኦፕንኤስኤስኤች የተባለው ነፃ ሥሪት ወጣ።

ኤስኤስኤች አንድን አስተዳዳሪ ከአንድ ሰርቨር ጋር ያገናኛል። ሰርቨሮቹ ሃምሳ ወይም አምስት መቶ ሲሆኑ ግን በእያንዳንዱ እየገቡ ያንኑ ትእዛዝ መደጋገም አድካሚም ለስሕተት የተጋለጠም ነው። ይህን ችግር ለማቃለል ከተሠሩት መሣሪያዎች መካከል ለዚህ ጽሑፍ ምሳሌነት የመረጥነው አንሲብል የተባለውን ነው። አንሲብልን የሠራው ማይክል ደሃን ሲሆን መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ ገዝቶታል። ስሙ የመጣው ከልብ ወለድ ነው። ኧርሱላ ለ ጊን እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ፣ ከኮከብ ወደ ኮከብ መልእክትን ያለ መዘግየት የሚያደርስ መሣሪያ በዚህ ስም ተጠርቶ ነበር።

የአንሲብል አሠራር እንደሚከተለው ነው። መሣሪያው የሚተከለው በአንድ ተቆጣጣሪ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ይህ ኮምፒውተር በቅድሚያ የሚያስተዳድራቸው ሰርቨሮች የተዘረዘሩበትን ፋይል ያነባል። ቀጥሎ ምን ይደረግ የሚለውን የተጻፈ መመሪያ ያነባል። ከዚያም በኤስኤስኤች በኩል ወደ እያንዳንዱ ሰርቨር ሞጁል የተባለ አነስተኛ ፕሮግራም ይልካል፤ ፕሮግራሙ እዚያው ሠርቶ ውጤቱን ይመልሳል። በሚተዳደሩት ሰርቨሮች ላይ ዘወትር ነቅቶ የሚጠብቅ የመሣሪያው ወኪል አያስፈልግም፤ ለአብዛኞቹ ሞጁሎች ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በሰርቨሩ ላይ መገኘቱ በቂ ነው።

አንባቢያችን ልብ ሊለው የሚገባው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በትእዛዝ መስመር ላይ የሚጻፉት ትእዛዞች ራሳቸው አይተረጎሙም፤ መሣሪያው በሚያውቃቸው በላቲን ፊደል በተጻፉ ቃላት ይቀራሉ። የሚተረጎመው በትእዛዞቹ ዙሪያ ያለው ማብራሪያ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ጥያቄና ውጤት ነው። በዚህ ማብራሪያ ውስጥ የሚገባ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ቢኖረው፣ አንባቢው በተሳሳተው ትርጉም የሚጽፈው አንድ መስመር በአምስት መቶ ሰርቨሮች ላይ በአንድ ጊዜ ይፈጸማል። በሌላ ጽሑፍ ውስጥ እንከን ብቻ የሚባለው አሻሚነት በዚህ ቦታ አደጋ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

2. መጫን፣ መትከል፣ ቁልፍ

«ጫነ» የሚለው ግሥ በመሠረቱ ሸክምን በአህያ ወይም በመኪና ላይ ማድረግ ነው። ከዚህ ተነሥቶ በክብደት ወይም በእጅ መጫንን ያመለክታል። በኮምፒውተር ዘመን ደግሞ ቢያንስ ሦስት አዳዲስ ሥራዎች ተጨምረውበታል፤ የሰሌዳን ቁልፍ መንካት፣ ፕሮግራምን በማሽን ላይ ማስቀመጥ፣ ፋይልን ወደ መታሰቢያ ማስገባት። አንድ ግሥ ይህን ሁሉ መሸከም አይችልም።

«ቁልፍ» ደግሞ በራሱ የበርን መዝጊያ፣ መክፈቻውን፣ የልብስን ቁልፍ፣ የማሽንን መንኪያና የሰሌዳን ፊደል መንኪያ ያመለክታል። በኤስኤስኤች ውስጥ ቁልፍ ማለት አንዱ ያለሌላው የማይሠራ የሁለት ፋይሎች ጥንድ ነው። አንደኛው በሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፤ ማንም ቢያየው ጉዳት የለውም። ሁለተኛው ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። ይህን ለተማሪ ለማስረዳት ጓጉንቸርንና መክፈቻውን ማሰብ ይጠቅማል፤ ጓጉንቸሩ በር ላይ ይንጠለጠላል፣ መክፈቻው ግን በኪስ ይቀመጣል። እንግዲህ አሻሚው ስም ከአሻሚው ግሥ ጋር በተጣመረ ጊዜ «ቁልፉን ይጫኑ» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሁለቱን አሻሚነት ያባዛዋል። ሠልጣኙ የመረጠው ትርጉም በአማርኛ ተናጋሪ ዘንድ ይበልጥ የተለመደው ነው፤ በስልክ የሚሰማው ድምፅ ሁሉ «1ን ይጫኑ» ሲለው ኖሯልና።

የእኛ አስተያየት እንደሚከተለው ነው። «መጫን» ለሰሌዳ ቁልፍ ተለይቶ ይተው፤ ሕዝቡ ወስኖለታል። «ጭነት» የሚለው ስምም ሰርቨሩ የተሸከመውን የሥራ ብዛት ለማመልከት ያገልግል። ፕሮግራምን በማሽን ላይ ማኖር ግን «መትከል» ይባል። ይህ ቃል አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ድንኳን ይተከላል፣ ችግኝ ይተከላል፣ በፋብሪካዎቻችንም «የማሽን ተከላ» የታወቀ ሙያ ነው። ከዚህም በላይ ተቃራኒውን ይዞ ይመጣል፤ የተተከለው ይነቀላል። የእንግሊዝኛው ቃል ተቃራኒውን የሚያገኘው በአፍራሽ ቅጥያ ሲሆን እኛ ግን «መትከል» እና «መንቀል» የሚል የቆየ ጥንድ አለን። የኤስኤስኤች ቁልፍን በሚመለከት «ይፋ ቁልፍ» እና «ምስጢራዊ ቁልፍ» እንላለን፤ ቅጽሉ በማናቸውም ጊዜ አይቀር። ፋይልን በቦታው ማድረግም «ማስቀመጥ» ይባል። ስለዚህ የረቂቁ ዓረፍተ ነገር «በመጀመሪያ ይፋ ቁልፉን በሰርቨሩ ላይ ያስቀምጡ» ተብሎ ታርሟል።

የመሣሪያው ተከላ በዚህ አነጋገር ሲገለጽ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ በተቆጣጣሪው ኮምፒውተር ላይ ፓይተን መኖሩ ይረጋገጣል። ቀጥሎ ለመሣሪያው ከሌሎች ፕሮግራሞች የተለየ የራሱ የሥራ ክፍል ይዘጋጅለታል፤ ይህም አንዱን ስናድስ ሌላው እንዳይበላሽ ይረዳል። ከዚያም ፒፕ በተባለው የፓይተን ጥቅል መትከያ አንሲብል ይተከላል። በመጨረሻም መሣሪያው ፒንግ በተባለው ሞጁል ወደ ሰርቨሮቹ የሙከራ ጥሪ ያደርጋል፤ ወደ ሰርቨሩ መግባት ከተቻለና በዚያም ፓይተን ከተገኘ ሰርቨሩ «ፖንግ» ብሎ ይመልሳል። በዚህ አንቀጽ ውስጥ «መጫን» የሚለው ቃል አንድ ጊዜም አላስፈለገንም።

3. ማቆም

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ቃል ይህ ነው። «አቆመ» በአማርኛ ሁለት ተቃራኒ ትርጉሞች አሉት። አንደኛው ይንቀሳቀስ ወይም ይሠራ የነበረውን እንዳይሠራ ማድረግ ነው፤ ነጂው መኪናውን አቆመ እንላለን። ሁለተኛው ወድቆ ወይም ተኝቶ የነበረውን ቀጥ አድርጎ ማኖር፣ መመሥረት ነው፤ ምሰሶ አቆመ፣ ቤት አቆመ፣ ሐውልት አቆመ እንላለን። ከሮም የተመለሰው የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2008 በስፍራው ቆመ ሲባል ሥራውን አቋረጠ ብሎ የሚረዳ ሰው የለም። ትርጉሙን የሚወስነው ተሳቢው ነው፤ መኪና የሚሄድ ነገር፣ ሐውልት የሚተከል ነገር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ሰርቨር ግን ሁለቱንም ነው። ይሠራል፤ ስለዚህ ይቆማል። ይመሠረታል፤ ስለዚህም ይቆማል። በረቂቁ ውስጥ «ሰርቨሩን ካቆሙ በኋላ የመረጃ ቋቱን ይገልብጡ» የሚል መመሪያ አግኝተናል። አንደኛው አንባቢ የሰርቨሩን ሥራ አስቁሞ፣ ጸጥ ባለው የመረጃ ቋት ላይ ቅጂ ይወስዳል። ሁለተኛው አንባቢ ሰርቨሩን አቋቁሞ፣ ሥራ አስጀምሮ፣ ሰዎች እየጻፉበት ሳለ ቅጂ ይወስዳል። የኋለኛው ቅጂ ግማሹ ከመለወጡ በፊት፣ ግማሹ ከተለወጠ በኋላ የተወሰደ ሊሆን ይችላል። ጉድለቱ በዚያን ዕለት አይታይም፤ የሚታየው ዋናው መረጃ በጠፋና ቅጂው ባስፈለገ ቀን ነው። «ይገልብጡ» የሚለው ራሱ መቅዳትም መገልበጥም ሊሆን መቻሉን ለጊዜው እንለፈው።

ዐውዱ ይፈታዋል የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። በተራ ጽሑፍ ውስጥ እውነት ነው። በመመሪያ ውስጥ ግን አንባቢው የሚፈልጋትን አንዲት መስመር ብቻ ነጥሎ ያነባል፤ ብዙውን ጊዜም በችኮላና በጭንቀት ያነባል። ከላይና ከታች ያለውን አያይም። አማርኛ ደግሞ ግሡን በመጨረሻ ስለሚያስቀምጥ፣ ግሡ አሻሚ ከሆነ ቀድሞት የመጣው ሁሉ አብሮ ይናወጣል።

ስለዚህ በሰርቨር መመሪያ ውስጥ «ማቆም» የተባለው ግሥ ያለ ረዳት ቃል ፈጽሞ እንዳይገባ ሐሳብ እናቀርባለን። በምትኩ ልዩ ልዩ ተግባራት በልዩ ልዩ ቃላት ይገለጹ። አዲስ ሰርቨርን ለሥራ ማዘጋጀት «ማዋቀር»፣ አገልግሎቱን መጀመር «ሥራ ማስጀመር»፣ አገልግሎቱን በሥርዓት መግታት «ሥራ ማስቆም»፣ ማሽኑን በሙሉ ማጥፋት «መዝጋት» ይባል። በዩኒክስ ሥርዓቶች ውስጥ እንግሊዝኛው «ግደል» የሚለው ትእዛዝ በሁለት ደረጃ ይሠራል። በ15 ቁጥር ምልክት ሲላክ ፕሮግራሙ የያዘውን ሥራ ሰብስቦ እንዲወጣ ይጠየቃል፤ በ9 ቁጥር ምልክት ሲላክ ግን ፕሮግራሙ መልስ የመስጠት ዕድል ሳይኖረው ይወገዳል። የመጀመሪያውን «እንዲያበቃ መጠየቅ»፣ ሁለተኛውን «በግድ ማቋረጥ» ብንለው ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። አማርኛችን «ማቋረጥ» ሲል ነገሩ ሳይፈጸም መቅረቱን ያመለክታልና።

4. ሥር

በዩኒክስ ሥርዓቶች ሁሉ ሥልጣን ያለው፣ ቁጥሩ 0 የሆነ ተጠቃሚ አለ። እንግሊዝኛው በዛፍ ሥር ስም ይጠራዋል። ተርጓሚው «የሥር ተጠቃሚ» ብሎ መልሶታል። ቃል በቃል ሲታይ ትክክል ነው። ነገር ግን «የሥር ፍርድ ቤት» ማለት በአማርኛ ይግባኝ የሚባልበት የበታች ፍርድ ቤት ነው፤ «በሥሩ የሚሠሩ» ማለትም የበታች ሠራተኞች ማለት ነው። ስለዚህ የአማርኛ አንባቢ «የሥር ተጠቃሚ» የሚለውን ሲያይ ከሁሉ ያነሰ ሥልጣን ያለውን፣ ምንም ጉዳት ሊያደርስ የማይችለውን ተጠቃሚ ያስባል። ስሙ የተሰየመለትን ነገር በቀጥታ ይቃረናል። ይህ ተጠቃሚ «የበላይ ተጠቃሚ» ቢባል ማንም አይሳሳትም።

የፋይል ማውጫዎች አቀማመጥም በተገለበጠ ዛፍ ይመሰላል፤ ሥሩ ከላይ፣ ቅርንጫፎቹ ከታች ናቸው። «የሥር ማውጫ» የሚለው ስያሜ እዚህም ያሳስታል፤ ከሥር ያለው፣ ማለትም ንዑሱ ማውጫ ተብሎ ሊወሰድ ይችላልና። «ዐቢይ ማውጫ» እና «ንዑስ ማውጫ» የሚለው ጥንድ የተሻለ ነው። ማጥፋትን በሚመለከት መመሪያ ውስጥ ይህ ልዩነት ሁሉንም ፋይል በማጣትና አንዱን ብቻ በማጣት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ከዚህ በመነሣት ቃል በቃል መተርጎም ሁልጊዜ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። የሥርዓቱ ውስጣዊ ክፍልና ትእዛዝን የሚቀበለው ውጫዊ ክፍል በእንግሊዝኛ በፍሬና በቅርፊት ይመሰላሉ። የቅርፊቱን ስያሜ ያወጣው መልቲክስ ለተባለው ሥርዓት ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊው ሉዊ ፑዛን ነው። እኛም «ፍሬ» እና «ቅርፊት» ብንል ምሳሌው ከነጥንዱ ወደ አማርኛ ይገባል፤ የሚያምታታውም ሌላ ትርጉም የለም። «ሼል» ብለን እንዳለ ብንወስደው ግን ለአንባቢው ቀድሞ የሚታወሰው የነዳጅ ኩባንያው ነው።

5. ሰርቨር፣ አገልጋይ፣ አስተናጋጅ

በስያሜ ሥራ የተለመደው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ ከአማርኛ፣ ቀጥሎ ከግዕዝ፣ ከዚያም ከሌሎች የሀገራችን ቋንቋዎች መፈለግ፣ ከውጭ መዋስም የመጨረሻው አማራጭ መሆን ነው። ይህን ቅደም ተከተል እኛም እንቀበለዋለን፤ ነገር ግን በዓረፍተ ነገር ፈተና መታረም አለበት እንላለን።

«አገልጋይ» የሚለው ቃል ለሰርቨር ቀርቦ በየቦታው ይታያል። ውብ ቃል ነው። ነገር ግን ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይና ለቤት አገልጋይ የሚያገለግል፣ ሰውን የሚያመለክት ቃል ነው። «አገልጋዩን በግድ አቋርጥ»፣ «አሮጌውን አገልጋይ አስወግድ» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ሲነበቡ አንባቢው ይደናገጣል ወይም ይስቃል፤ ሁለቱም ለመመሪያ አይበጁም። «አስተናጋጅ» ደግሞ በሌሎች ጽሑፎች ለሌላ የኮምፒውተር ጽንሰ ሐሳብ ተመድቦ ሳለ፣ በምግብ ቤት ግን እንግሊዝኛው ሰርቨር የሚለውን ሰው እኛ አስተናጋጅ እንለዋለን። ሁለቱን ጽንሰ ሐሳቦች ያለያያል የተባለው ቃል እንደገና ያገናኛቸዋል። በመሆኑም «ሰርቨር» እንዳለ ቢወሰድ እንመርጣለን፤ በአማርኛ ተስማምቶ ይረባል፣ ሰርቨሩ፣ ሰርቨሮች፣ ባለ ሰርቨር ይባላል።

በአንሲብል ውስጥ ሰርቨሮቹ የሚዘረዘሩበትን ፋይል ረቂቁ «የንብረት ቆጠራ» ብሎታል። ይህ ስያሜ በመሥሪያ ቤቶቻችን በበጀት ዓመት መጨረሻ የሚከናወነውን ተግባር ያመለክታል። እዚህ ያለው ግን ተግባር ሳይሆን ሰነድ ነው፤ ስለዚህ «የሰርቨሮች መዝገብ» ይሻላል። ሥራዎቹ በተራ የሚጻፉበት ሰነድ ስሙን ያገኘው ከስፖርት ቡድኖች የጨዋታ ዕቅድ ነው። «የጨዋታ መጽሐፍ» ብሎ መተርጎም ለእኛ አንባቢ ምንም አይነግረውም። «መርሐ ግብር» የሚለውን አርአያ ተከትለን «መርሐ ሥራ» ብንለው ዓላማው ይገለጻል።

6. ሁኔታን መግለጽ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ትእዛዝ ነው። አንሲብል ግን በአብዛኛው ድርጊትን አያዝም፤ ሁኔታን ይገልጻል። መርሐ ሥራው «ይህን ፕሮግራም ትከል» አይልም፤ «ይህ ፕሮግራም የተተከለ ይሁን» ይላል። ፕሮግራሙ አስቀድሞ ካለ መሣሪያው ምንም አያደርግም፤ ከሌለ ይተክለዋል። አንድ መርሐ ሥራ አሥር ጊዜ ቢደጋገም ውጤቱ አንድ ጊዜ ከተሠራው ጋር እኩል መሆን አለበት። ለዚህ ጠባይ የሚውለውን የሂሳብ ቃል ከላቲን ቃላት አጣምሮ ያወጣው አሜሪካዊው ሊቅ ቤንጃሚን ፐርስ እ.ኤ.አ. በ1870 ነበር።

ሐሳቡ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «በሩ ይዘጋ» ብለን ሦስት ጊዜ ብንናገር በሩ የሚዘጋው አንድ ጊዜ ነው። «ወጡ ውስጥ ጨው ጨምሪ» ብለን ሦስት ጊዜ ብንናገር ግን ወጡ አይበላም። የመጀመሪያው ሁኔታን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ድርጊትን ያዛል። ጠባዩን በአንድ ቃል ለመሰየም ከመቸኮል ይልቅ ለጊዜው «ቢደገምም ውጤቱ የማይለወጥ» በሚል ሐረግ ቢገለጽ እንመርጣለን፤ ረጅም ነው፣ ነገር ግን አንባቢው መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ ይረዳዋል።

ሁኔታን በመግለጽ ረገድ የ«ማቆም» ችግር እንደገና ብቅ ይላል። «የቆመ ሰርቨር» ማለት ሥራውን የተወ ነው ወይስ ጸንቶ ያለ? በዚህም ቦታ «ሥራ ላይ ያለ» እና «ሥራው የተገታ» የሚሉት ሐረጎች ግልጽ ናቸው።

7. መሣሪያውን የሚያበለጽግ ሰው ሊያውቀው የሚገባ

የአንሲብልን አቅም ለማስፋት የሚፈልግ ባለሙያ የራሱን ሞጁል ይጽፋል። ሞጁሉ ፍላጎቱን ይቀበላል፣ ያለውን ሁኔታ ይመረምራል፣ ልዩነት ካለ ብቻ ለውጥ ያደርጋል፣ በመጨረሻም ለውጥ ማድረግ አለማድረጉን ሪፖርት ያቀርባል። ሪፖርቱን በአማርኛ ለማቅረብ ሲፈለግ አምስት ነገሮች ይታሰቡ።

ሀ) በእንግሊዝኛ «በማስቆም ላይ» የሚለው ይቀድምና የሰርቨሩ ስም ይከተላል። ፕሮግራም ጻፊዎች ሁለቱን ቁርጥራጮች በየፊናቸው አስቀምጠው ይቀጥሏቸዋል። በአማርኛ ግን ስሙ ይቀድማል፣ ተሳቢነቱም በመጨረሻው ፊደል ላይ በሚጨመር «ን» ይታወቃል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ሆኖ ለትርጉም ይቅረብ፤ የስሙም ቦታ በውስጡ ይተው። ቅጥያው በባዕድ ስም ላይ እንዳይንጠለጠልም «ድር-1 የተባለውን ሰርቨር» እያልን ቅጥያውን ለአማርኛው ቃል እንስጠው።

ለ) ብዛትን በሚመለከት እንግሊዝኛ 0ን ከብዙ ጋር ሲመድብ፣ በዩኒኮድ የቋንቋዎች መረጃ ማኅደር ለአማርኛ የተመዘገበው ደንብ 0ንና 1ን በነጠላ ይመድባል። «0 ሰርቨር ተለወጠ» እንጂ «0 ሰርቨሮች ተለወጡ» አይባልም።

ሐ) አደገኛ ትእዛዝ ከመፈጸሙ በፊት ፕሮግራሞች ማረጋገጫ ይጠይቃሉ፤ እንግሊዝኛው የአዎንታውንና የአሉታውን ቃል የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ይቀበላል። በአማርኛ «አዎ» እና «አይ» ሁለቱም በ«አ» ይጀምራሉ። ልማዱን ሳንመረምር ብንከተል «ሁሉም ይጥፋ? አ ወይም አ» የሚል ጥያቄ እናቀርባለን። «ቀጥል» እና «ተው» ቢሆኑ ፊደላቸው ይለያል፤ ለከባድ ጉዳይ ደግሞ ሙሉው ቃል እንዲጻፍ ማድረግ ይበጃል።

መ) የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው ሥሪት ነው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል በ1 ባይት ሲቀመጥ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይፈልጋል። መልእክትን በባይት ቁጥር የሚቆርጥ ፕሮግራም የእኛን ፊደል ከመካከሉ ሊሰነጥቀው ይችላል።

ሠ) በመመሪያ ውስጥ ትእዛዝ ለብቻው በራሱ መስመር ይጻፍ፤ በመጨረሻውም አራት ነጥብ አይደረግበት። ሠልጣኙ ያየውን እንዳለ ይገለብጣልና፣ አራት ነጥቡ ከትእዛዙ ጋር ከገባ ሰርቨሩ አይረዳውም።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከትነው ሦስት ደንቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ለአንድ ድርጊት አንድ ግሥ፣ ለአንድ ግሥም አንድ ድርጊት ይመደብ። ሁለተኛ፣ የቀረበው ስያሜ ሁሉ «ሰርቨሩን» ከሚለው ተሳቢ ጋር በትእዛዝ አንቀጽ ተጽፎ፣ ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ይነበብለት፤ አንባቢው ምን እንደሚያደርግ ተጠይቆ መልሱ አንድ ብቻ ከሆነ ስያሜው አልፏል። ሦስተኛ፣ ተቃራኒው አብሮ ይሰየም፤ ጥንዱ የማይገጥም ስያሜ ውሎ አድሮ ያሳስታል።

በስያሜ ክርክራችን ውስጥ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው ቃሉ የሀገር ውስጥ ነው ወይስ የውጭ የሚለውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም በዚህ ጉዳይ ሁለተኛ ነው። «መትከል» የሀገር ውስጥ ሆኖ አለፈ፤ «ማቆም» የሀገር ውስጥ ሆኖ ወደቀ፤ «ሰርቨር» የውጭ ሆኖ አለፈ፤ «ሼል» የውጭ ሆኖ ወደቀ። የለያቸው ትውልዳቸው ሳይሆን በዓረፍተ ነገር ውስጥ የሠሩት ሥራ ነው።

ረቂቁ በእነዚህ ደንቦች መሠረት ታርሞ ለተቋሙ ተመልሷል። ከመመለሱ በፊት ያንኑ ሠልጣኝ ጠርተን የታረመውን ገጽ አስነበብነው። «ይፋ ቁልፉን በሰርቨሩ ላይ ያስቀምጡ» የሚለው ላይ ሲደርስ ከመቀመጫው አልተነሣም፤ ፋይሉን ፈልጎ በቦታው አኖረው። አንባቢዎቻችን በሥራቸው ላይ ያጋጠሟቸውን ተመሳሳይ ቃላት ከነዓረፍተ ነገራቸው ቢልኩልን ለሚቀጥለው ዝርዝር ይረዱናል።